የኢየሩሳሌም መንገድ፤ የኢትዮጵያ ተሳላሚዎች የማኅበር ጉዞና በታሪክ ትምህርት ውስጥ ያለው ቦታ

ከአክሱም መንግሥት መዳከም እስከ አሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ያለው ረጅም ዘመን በታሪክ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነው። ይኸውም ኢትዮጵያ የቀይ ባሕርን ጠረፍ ከለቀቀች በኋላ ከውጭው ዓለም ጋር የነበራት ግንኙነት ተቋርጦ በተራሮቿ መካከል ተዘግታ ኖረች የሚል ነው። ይህን አስተያየት በሰፊው ያሰራጨው እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ኤድዋርድ ጊቦን ሲሆን፣ ስለ ሮማ መንግሥት መዳከምና ውድቀት ከ1776 እስከ 1788 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ ኢትዮጵያውያንን ለብዙ መቶ ዓመታት ከዓለም ተለይተው በእንቅልፍ እንደ ኖሩ ሕዝብ አድርጎ አቅርቧቸዋል። አባባሉ ለጆሮ የሚጥም በመሆኑ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ተቀዳ፤ ከመጽሐፍም ወደ መማሪያ ክፍል ገባ፤ ተማሪውም ለፈተና በቃሉ ይዞታል።

አባባሉ ከመሠረቱ ሐሰት ነው ለማለት አይቻልም። የአዱሊስ ወደብ ንግድ ተዳክሟል፤ የአክሱም ነገሥታት ገንዘብ መቅረጻቸውም በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ ቆሟል። ይሁን እንጂ ንግድ ሲዳከምና ነገሥታት መልእክተኛ መላላክን ሲያቋርጡ እንኳ ከኢትዮጵያ ደጋ እየወጣ ወደ ሰሜን የሚፈስ አንድ የሰው ጅረት ነበረ። እርሱም ወደ ኢየሩሳሌም የሚወርደው የተሳላሚዎች ማኅበር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያንን ጉዞ ነው። ተሳላሚው የሄደው ለጸሎት እንጂ ለጥናት አልነበረም። ዳሩ ግን ጉዞው በውጤቱ እንደ አንድ የትምህርት ተቋም ሆኖ አገልግሏል፤ የመማሪያ መጻሕፍቱም ዝምታ መታረም የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ጥንታዊው መነሻ

በግዕዝ ነጋዲ የሚለው ቃል ሸቀጥ ይዞ የሚዞረውን ሰው ብቻ ሳይሆን መንገደኛውንና ተሳላሚውንም ጭምር ያመለክታል። ቋንቋው ሁለቱን ያልለየው በአጋጣሚ አይመስልም፤ የሁለቱም መንገድ አንድ ነበረና።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ ስምንት የተጻፈው የጃንደረባው ታሪክ የዚህ ጉዞ መጀመሪያ ሆኖ ይጠቀሳል። ሰውዬው ለመስገድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩ የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር። እዚህ ላይ የታሪክ መምህር አንድ ጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባል። ህንደኬ የሚለው ስም የአንዲት ንግሥት የግል መጠሪያ ሳይሆን፣ በዛሬው ሱዳን ውስጥ የነበረው የሜሮዌ መንግሥት ንግሥታት የማዕረግ ስም ነው። በዚያን ጊዜ ጽሑፎች ውስጥ ኢትዮጵያ የሚለውም ስም ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን አገር በጠቅላላ ይጨምር ነበር። ሆኖም ታሪኩ ከሜሮዌም ይነሣ ከሌላ ስፍራ፣ መንገደኛው መጽሐፍ ይዞ የሚጓዝ መሆኑ ትኩረት የሚስብ ነው፤ በኋለኛው ዘመን ለሚታየው የኢትዮጵያ ተሳላሚ የሚስማማ መልክ ነውና።

በአራተኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ አክሱም ከተመለሰና ንጉሡ ዔዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ፣ ወደ ቅድስት አገር መሄድ አገር ያወቀው ልማድ ሆነ። በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው ሊቁ ጄሮም በአምስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ በጻፈው አንድ ደብዳቤ ከሕንድና ከፋርስ፣ ከኢትዮጵያም ጭምር መነኮሳት በየቀኑ በብዛት እንደሚመጡ ይናገራል። ደብዳቤው የተጻፈው ዘጠኙ ቅዱሳን ወደ ኢትዮጵያ ገቡ ከሚባልበት ዘመን በፊት ነው። እንግዲህ ጄሮም ኢትዮጵያ ሲል አክሱምን ማለቱ ከሆነ፣ አገሪቱ መምህራንን ከውጭ ከመቀበሏ አስቀድሞ የራሷን ልጆች ወደ ውጭ መላክ ጀምራ ነበር ማለት ነው።

መንገዱና ማረፊያዎቹ

ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የጉዞው ሥርዓት ይበልጥ ግልጽ ሆኖ ይታያል። ከሸዋ፣ ከአምሐራ፣ ከላስታና ከትግራይ የሚነሡ ተሳላሚዎች በአክሱም በኩል አልፈው በባሕር ነጋሽ ግዛት፣ በተለይም በደባርዋ አካባቢ ይሰበሰቡ ነበር። ከዚያ በረሃውን አቋርጠው ወደ ሱአኪን፣ ከሱአኪን ወደ ላይኛው ግብጽ፣ ከዚያም የዓባይን ወንዝ ተከትለው ወደ ካይሮ ይወርዳሉ። ከካይሮ በኋላ የሲናን በረሃ ተሻግረው በጋዛ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ይወጣሉ።

በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ዛሬ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎች የሚደክሙበትን አብዛኛውን ስፍራ በእግሩ ይረግጣል። በአክሱም ታላላቆቹን ሐውልቶች ያያል፤ ከእነርሱም ትልቁ 33 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለውና ወድቆ የተሰባበረው ሲሆን፣ 24 ሜትር የሚሆነው ሁለተኛው በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ በ2005 ከተመለሰ በኋላ በ2008 በስፍራው ቆሟል። ከአክሱም በኋላ በገመድ የሚወጣበት ደብረ ዳሞ አለ። ቀጥሎም በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት በአቡነ ፊልጶስ የተመሠረተው ደብረ ቢዘን ወደ ባሕሩ ቁልቁል እየተመለከተ ይገኛል። በረሃው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

የኖባ አገር ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በስድስተኛው መቶ ዓመት ኖባድያ፣ ማኩርያና አልዋ የሚባሉት ሦስቱ የኖባ መንግሥታት ክርስትናን ተቀብለው ስለ ነበር፣ ከኢትዮጵያ ድንበር እስከ አስዋን ያለው የዓባይ ሸለቆ ለብዙ መቶ ዓመታት በአብያተ ክርስቲያናት የተሞላ ነበር። ከ1961 እስከ 1964 የአስዋን ግድብ ውኃ አካባቢውን ከማጥለቅለቁ በፊት በፕሮፌሰር ካዚሚዬርዝ ሚካሎቭስኪ የሚመራ የፖላንድ ቡድን በፋራስ ከአሸዋ ሥር ያወጣው ካቴድራልና ከ100 በላይ የሆኑት የግድግዳ ሥዕሎቹ የዚያን ሥልጣኔ ደረጃ ያሳያሉ። ከሥዕሎቹ ከፊሎቹ በዋርሶ፣ ከፊሎቹ በካርቱም ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ኖባ ክርስቲያን በነበረበት ጊዜ የኢትዮጵያ ተሳላሚ በዚያ በኩል ሲያልፍ ደወል የሚሰማበትና ውኃ የሚለምንበት ደጅ አላጣም።

ይህ ሁኔታ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በዶንጎላ የነበረው የነገሥታቱ የዙፋን አዳራሽ በ1317 ወደ መስጊድ ተለወጠ፤ በደቡብ የነበረው የአልዋ መንግሥትም በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት መግቢያ ላይ ጠፋ። በ1520ዎቹ በአፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ከኖባ የመጡ ሰዎች ካህናት እንዲላኩላቸው ንጉሡን ሲለምኑ ማየቱን ጽፏል። ንጉሡም ራሱ ጳጳሱን የሚያገኘው ከእስክንድርያ መሆኑን በመግለጽ ሊረዳቸው እንደማይችል መለሰላቸው። በዚህ ትንሽ ታሪክ ውስጥ የአንድ ጥንታዊ ክርስቲያን ሕዝብ የመጨረሻ ድምፅ ይሰማል፤ የተሳላሚው መንገድ ስለ ምን አስፈሪ እየሆነ እንደ ሄደም ምክንያቱ ከዚሁ ይገኛል።

በግብጽ ውስጥ ግን ማረፊያው ብዙ ነበር። ቅድስት ቤተ ሰብ በስደት ጊዜ እንዳረፈችበት የሚነገረው የቁስቋም ገዳም፣ በቀይ ባሕር በኩል ያለው የአባ እንጦንስ ገዳም፣ በካይሮ ሐረት ዙወይላ የምትገኘው የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን፣ እነሙሴ ጸሊም የኖሩበት የአስቄጥስ በረሃም ኢትዮጵያውያን በየዘመኑ የተቀመጡባቸው ስፍራዎች ናቸው። በ1442 ያረፈው ግብጻዊው የታሪክ ጸሐፊ አል መቅሪዚ በአስቄጥስ የኢትዮጵያውያን ገዳም እንደ ነበረ መዝግቧል። ከኢየሩሳሌም ሲመለስ ወይም ወደዚያ ሲሄድ ደክሞት ወይም ታሞ በአንዱ ገዳም የሚቀር ሰው ጥቂት አልነበረም፤ የቀረውም ሰው የአገሩን ቋንቋ ተምሮ ለሚቀጥለው ማኅበር አስተርጓሚና አስተናጋጅ ይሆናል።

ይኸው መንገድ የሙስሊም ተጓዦችም መንገድ እንደ ነበረ መዘንጋት የለበትም። የመስቀል ጦረኞች በሲና በኩል ያለውን መተላለፊያ በያዙበት ዘመን የሰሜን አፍሪካና የግብጽ ሐጃጆች ከቁስ ከተማ በረሃውን አቋርጠው በአይዛብ ወደብ ወደ መካ ይሻገሩ ነበር፤ አንዳሉሳዊው ኢብን ጁበይር በ1183 በዚያ በኩል አልፏል። በአንድ በረሃ ውስጥ፣ አንዳንድ ጊዜም በአንድ የውኃ ጕድጓድ ዙሪያ፣ አንዱ ወገን ወደ ምሥራቅ ሌላው ወደ ሰሜን ለመስገድ ይጓዝ ነበር።

በደባርዋ የተሰበሰበው ማኅበር

ስለ ማኅበሩ አጓጓዝ ከሁሉ ይልቅ ግልጽ የሆነ ዜና የሚሰጠው አልቫሬዝ ነው። ከ1520 እስከ 1526 በኢትዮጵያ ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ በ1540 በሊዝቦን ታትሟል። እንደ እርሱ አገላለጽ ተሳላሚዎቹ የሚነሡት ከጥምቀት በዓል በኋላ ሲሆን፣ ሐሳባቸውም ለሰሙነ ሕማማት ኢየሩሳሌም ለመድረስ ነው። ድንኳን፣ የሚቀድሱበትን ታቦትና ንዋየ ቅድሳት፣ መጻሕፍትንም ይዘው ይጓዛሉ፤ በቀን ብዙ አይራመዱም፤ በሠርክ ጸሎት ጊዜ ሰፍረው ሰዓታቸውን ያደርሳሉ።

ይህ ዜና በስሌት ሲመረመር አንድ ጥያቄ ያስነሣል። ከደባርዋ እስከ ኢየሩሳሌም በቀጥታ መስመር ቢለካ 1900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከጥምቀት እስከ ሆሣዕና ያለው ጊዜ ደግሞ ፋሲካ በሚውልበት ቀን መሠረት ቢያንስ 68፣ ቢበዛ 102 ቀን ነው። እንግዲህ ማኅበሩ ሳያርፍ በቀጥታ ቢጓዝ እንኳ በቀን ከ19 እስከ 28 ኪሎ ሜትር ማቋረጥ ይኖርበታል፤ መንገዱ የሚጠማዘዝ በመሆኑ እውነተኛው ርቀት ከዚህ በጣም ይበልጣል። ታቦት ተሸክሞና በሠርክ ሰፍሮ ቀስ እያለ የሚሄድ ማኅበር ይህን ፍጥነት እንዴት ሊጠብቅ ቻለ? አልቫሬዝ ያየው የጉዞውን መጀመሪያ ብቻ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። በበረሃው ውስጥ ግመል፣ በዓባይ ላይም ወደ ታች የሚወርድ ጀልባ ሳይረዳቸው አልቀረም፤ ይህም ሆኖ ፋሲካው ቀደም ብሎ በሚውልበት ዓመት ብዙዎቹ በዓሉን በመንገድ ላይ ማክበራቸው አይቀሬ ይመስላል። አንድ የታሪክ ምንጭ እውነትን እየተናገረ ሙሉውን እንደማይናገር ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

አልቫሬዝ በአገሩ ሳለ ከተነሡት ማኅበራት መካከል አንደኛው 336 መነኮሳት የነበሩበት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 15ቱ ሴቶች ነበሩ። ማኅበሩ ወደ ሱአኪን በሚወስደው በረሃ ሲደርስ ወንበዴዎች ወደቁበት። ሽማግሌዎቹ ተገደሉ፤ ወጣቶቹ ለባርነት ተሸጡ፤ ያመለጡት በጣም ጥቂቶች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ተሳላሚዎች እንደ ቀድሞው በትልቅ ማኅበር ሆነው መጓዝን ትተው በተናጠልና በጥቂት በጥቂቱ እየሆኑ እንደ ተራ መንገደኛ ማለፍ እንደ ጀመሩ አልቫሬዝ ይገልጻል።

የዚህ ጥፋት ትርጉም ከሞቱት ሰዎች ቍጥር በላይ ነው። ከሦስት መቶ በላይ የሆኑ መነኮሳት በዘመኑ አነጋገር ከሦስት መቶ በላይ የተማሩ ሰዎች ናቸው። ዳዊት የደገመ፣ ቅዳሴ የሚያውቅ፣ ከእነርሱም ብዙው የጻፈና የተረጎመ ነው። በበረሃው ውስጥ በአንድ ቀን የወደቀው የብዙ ገዳማት የመምህራን ጉባኤ ነበር። ደግሞም የማኅበሩ መበተን የዕውቀት አወራረስ መበተን ነው፤ ሽማግሌው መንገዱን ለወጣቱ የሚያሳየው አብረው ሲጓዙ ብቻ ነውና። ስለ 15ቱ ሴት መነኮሳት አልቫሬዝ ከቍጥራቸው ሌላ የተናገረው የለም። የመካከለኛው ዘመን ሴቶች በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚገኙት ንግሥት ሲሆኑ ብቻ በመሆኑ፣ እነዚህ 15 ሴቶች በእግራቸው እስከዚያ በረሃ መድረሳቸው ራሱ ሊመዘገብ የሚገባው ነገር ነው።

ከመንገድ የተገኘ ዕውቀት

የማኅበር ጉዞ በአገር ውስጥ አሳብ ላይ ምን ያህል ኃይል እንደ ነበረው ለማየት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ታሪክ መመልከት ይበቃል። በሰንበት ጉዳይ ከቤተ ክህነቱ ሹማምንት ጋር ያልተስማሙት እኚህ መነኵሴ በ1337 ወይም በ1338 ደቀ መዛሙርታቸውን አስከትለው ከአገር ወጡ። በኖባ በኩል ወደ ግብጽ፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከኢየሩሳሌም ወደ ቆጵሮስ፣ በመጨረሻም ወደ አርመን አገር ሄደው በ1352 በዚያው ዐረፉ። አብረዋቸው ከሄዱት ደቀ መዛሙርት አንዳንዶቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በአገር ቤት ከቀሩት ወንድሞቻቸው ጋር ሆነውም የመምህራቸውን ትምህርት አስፋፉ። ለመቶ ዓመት ያህል ተገፍተው ከኖሩ በኋላ ጉዳዩ በ1450 በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፊት በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ተወስኖ የቀዳሚት ሰንበት መከበር ጸና። በስደትና በስግደት የተጀመረ ጉዞ የአንድን አገር ሥርዓት እስከ መለወጥ ደረሰ ማለት ነው።

ደብረ ምጥማቅ የሚለው ስም ራሱ በመንገዱ የመጣ ነው። በግብጽ በዚህ ስም የምትጠራ፣ ብዙ ተሳላሚ የሚሰበሰብባት የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ነበረች፤ በ1438 በሱልጣን ባርስባይ ዘመን ፈረሰች። መርዶው ከእስክንድርያው ፓትርያርክ በደብዳቤ ሲደርሰው ዘርዐ ያዕቆብ እጅግ አዝኖ በተጉለት ሌላ ቤተ ክርስቲያን አሠራና በፈረሰችው ስም ሰየማት። በጎንደር እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ደብርም ስሙን የወረሰው ከላይኛው ግብጽ ነው። በላሊበላ ያሉት ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታና ደብረ ሲና የሚባሉት ስሞችም የዚሁ ልማድ ፍሬ ናቸው። ወደ ኢየሩሳሌም መሄድ ያልቻለው ገበሬ የሚሳለማት ኢየሩሳሌም በአገሩ ድንጋይ ውስጥ ተፈለፈለችለት። ላሊበላን የሚያስተምር መምህር ስለ ሕንጻው ጥበብ ብቻ ተናግሮ ስለ ስሞቹ ዝም ካለ የነገሩን እኩሌታ አስቀርቷል።

መጻሕፍትም በዚሁ መንገድ መጥተዋል። በአሥራ አራተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ስንክሳርን ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሰው በአባ እንጦንስ ገዳም የነበረው ስምዖን ነው። ከ1348 እስከ 1388 የቆዩት ጳጳሱ አባ ሰላማ መተርጕም ከሠሩት ሥራ ጋር ሲታይ፣ የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ሁለተኛው ታላቅ ዘመን የግብጽ ገዳማትና የተሳላሚዎች መንገድ ውጤት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መጻሕፍት ወደ ኢየሩሳሌምም ይላኩ ነበር። ዘርዐ ያዕቆብ በ1440ዎቹ መጀመሪያ በዚያ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ሲኖዶስ የተባለውን መጽሐፍ ልኮላቸዋል። በዚያን ጊዜ የማኅበሩ አለቃ ኒቆዲሞስ የሚባሉ አባት ነበሩ። ሮማዊው ጳጳስ ኤውጄንዮስ አራተኛ ስለ አብያተ ክርስቲያናት አንድነት ለሚደረገው ጉባኤ መልእክተኞች እንዲመጡ በጠየቀ ጊዜ፣ በ1441 ወደ ፍሎረንስ የሄዱት ኢትዮጵያውያን ከኢየሩሳሌም በኒቆዲሞስ የተላኩት ናቸው። በ1445 ተሠርቶ ባለቀው በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ በር ላይ ከአፍሪካ የመጡት የእነዚያ መልእክተኞች ምስል ዛሬም ይታያል።

በዚህ ዘመን ዕውቀት ወደ አንድ ወገን ብቻ አልፈሰሰም። በቬኒስ አጠገብ በሙራኖ ይኖር የነበረው መነኵሴ ፍራ ማውሮ በ1450ዎቹ ታላቁን የዓለም ካርታ በሚሥልበት ጊዜ ስለ ኢትዮጵያ የሚያውቀውን ያገኘው የአገሩ ተወላጅ ከሆኑ መነኮሳት ነው፤ እነርሱም ወረዳውን፣ ወንዙንና ተራራውን በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት በካርታው ላይ ጽፏል። ዓባይና አዋሽ በስማቸው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ከእርሱ በኋላ ከ1519 እስከ 1524 አሌሳንድሮ ዞርዚ የተባለ ሌላ የቬኒስ ሰው ከኢትዮጵያ መነኮሳት አፍ እየተቀበለ ከአገራቸው እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን መንገድ በቀን ጉዞ እየቈጠረ መዝግቧል። ይህን ጽሑፍ ክሮፎርድ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1958 አሳትሞታል። ያነበበው ሰው እንደሚያስተውለው መነኮሳቱ ስለ ቅዱሳት መካናት ብቻ ሳይሆን ስለ ገበያ፣ ስለ ውኃና ስለ ርቀት ተናግረዋል። በዘመኑ አውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የነበረው ትክክለኛ ዕውቀት በአብዛኛው ከእነዚህ እግረኞች አፍ የተለቀመ ነው።

የኅትመት ታሪክም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በሮም ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተ ጀርባ በምትገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ከኢየሩሳሌም የሚሻገሩ ኢትዮጵያውያን ያርፉ ነበር። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ካህን ጸሎታቸውን ሰምቶ ተገረመና ከአባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ግዕዝ ተማረ፤ በ1513ም መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳተመ። በዚህም ግዕዝ ከምሥራቅ ቋንቋዎች መካከል ቀድመው ለኅትመት ከበቁት አንዱ ሆነ፤ ምንም እንኳ ፖትከን በስሕተት ቋንቋውን ከለዳውኛ ቢለውም። ከእርሱ በኋላ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን፣ ገዳማቸው በ1531 በኢማም አሕመድ ጦር ከተቃጠለ በኋላ፣ በኢየሩሳሌም በኩል ወደ ሮም ደርሰው በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። የያዙት የሐዋርያት ሥራ ቅጂ ጐዶሎ ስለ ነበር የጐደለውን ከላቲንና ከግሪክ እየተረጐሙ ሞሉት። ፊደል የሚለቅሙት ሠራተኞች ግዕዝ፣ መነኮሳቱም የሠራተኞቹን ቋንቋ የማያውቁ በመሆናቸው ለተፈጠረው ስሕተት አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል። አባ ተስፋ ጽዮን በ1552 ዐርፈው በዚያው በቅዱስ እስጢፋኖስ ተቀበሩ። ሂዮብ ሉዶልፍ በ1649 ወደ ሮም መጥቶ ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር የተገናኘውም በዚሁ ቤት ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናት በአውሮፓ የተመሠረተው ከዚያ ግንኙነት በኋላ ነው።

እንዲህ ስለ ሆነ ግን ጉዞውን ከመጠን በላይ ማሞገስ አይገባም። ተሳላሚዎቹ በብዛት ያመጡት ሃይማኖታዊ ዕውቀት ነው፤ በቬኒስ መርከብ ሲሠራ፣ በሮም መጽሐፍ ሲታተም ያዩ ሰዎች የኅትመት መሣሪያ ይዘው አልተመለሱም። ለዚህ ተጠያቂው መነኵሴው ብቻ አይደለም፤ ያየውን ተቀብሎ በሥራ ላይ የሚያውል ተቋም በአገር ቤት አልነበረም። ደግሞም ተሳላሚው ስለ ገዛ ጉዞው መጽሐፍ የመጻፍ ልማድ አልነበረውም። በገድልና በመጻሕፍት ኅዳግ ከሚገኘው አጭር ማስታወሻ በቀር ስለ እርሱ የምናነበው ከአልቫሬዝ፣ ከዞርዚና ከመሰሎቻቸው እጅ ነው። ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1943 እና በ1947 በሁለት ቅጽ ያሳተመው ስለ ኢትዮጵያውያን በፍልስጥኤም የሚናገረው የሰነዶች ስብስብ በአብዛኛው የባዕዳን ምስክርነት የሆነው ስለዚህ ነው።

በትምህርት ክፍል

ይህ ሁሉ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ አዲስ ምዕራፍ እንዲከፈትለት አይጠይቅም። መሻሻል የሚገባው አስቀድሞ ያለው ትምህርት ነው። ስለ አክሱም መዳከም በሚነገርበት ስፍራ የንግድ መቋረጥና የግንኙነት መቋረጥ ተለያይተው ቢቀርቡ፣ ስለ ኢማም አሕመድ ጦርነት በሚነገርበት ስፍራም የአባ ተስፋ ጽዮን ስደት ቢጠቀስ ተማሪው የተዘጋ ሳይሆን የጠበበ በር ያያል። የጂኦግራፊ መምህር ደግሞ ከደባርዋ እስከ ኢየሩሳሌም ያለውን መንገድ በካርታ ላይ አስምሮ ተማሪዎቹ ውኃና ማረፊያ የሚገኝበትን እንዲፈልጉ ቢያደርግ፣ የአልቫሬዝን ዜና ራሳቸው ሊመዝኑት ይችላሉ። የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማትም እንዲህ ያለውን መልመጃ ከታሪክ ማስተማሪያ ዘዴ ትምህርት ጋር ቢያያይዙት አስቸጋሪ አይሆንም፤ ከካርታና ከገመድ በቀር መሣሪያ አያስፈልገውምና።

ለአጥኚዎች ግን አንድ የማይካስ ጉዳት አለ። በኢየሩሳሌም የነበሩት ኢትዮጵያውያን በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግብር መክፈል ተስኗቸው በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የነበራቸውን ይዞታ አብዛኛውን አጡ። በ1838 በከተማይቱ የገባው ወረርሽኝ በዴር ሱልጣን የነበሩትን መነኮሳት ጨረሳቸው ማለት ይቻላል። መጻሕፍታቸው በሽታ ያስተላልፋሉ ተብለው ተቃጠሉ። በስንት ትውልድ ትከሻ ከደጋው ተጭኖ የወረደ፣ የአበው ስምና የመንገዱ ማስታወሻ በኅዳጉ የተጻፈበት ቤተ መጻሕፍት በዚህ ዓይነት ጠፋ። ዘርዐ ያዕቆብ የላከው ሲኖዶስ ግን ከእሳቱ ድኗል። አስቀድሞ ከኢየሩሳሌም ወጥቶ ሮም ገብቶ ስለ ነበር ዛሬ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።